በበረዶ ላይ እልልታ

ጥርጣሬ ከእናቴ የወረስኩት ነው። እናቴ ሥጋ ስትገዛ ሥጋውን ትታ የባለ ሚዛኑን ጣት የምታይ ሴት ነበረች። እኔም በእሷ ወጥቼ፣ ሰው ያለወትሮው "እንዴት አደርሽ የኔ ቆንጆ" ካለኝ "ምን ፈልጎ ይሆን?" እላለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? እንዲህ እየጠረጠርኩ ሠላሳ አራት ዓመት ሳልመነጠር ኖርኩ። የማወራችሁ ቅዳሜና እሁድም ጥርጣሬዬ ትክክል ነበር። የተሳሳትኩት ሌላ ቦታ ላይ ነው። ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱኝ።

ያኔ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ፣ በእትዬ ዘውዴ ሱቅ ውስጥ ነበር የምሠራው። ሽሮ፣ በርበሬ፣ የጤፍ ዱቄት፣ የባህል ልብስ፣ ሁሉም በአንድ ጠባብ ክፍል ይሸጣል። ሠራተኞቹ ሁለት ነን፤ እኔና ሊዲያ። ሁለታችንም ዲቪ ደርሶን የመጣን ነን፤ ዌስት አዳምስ ውስጥ አንድ መኝታ ቤት ያለው አፓርትመንት ተከራይተን አብረን እንኖራለን። ሊዲያ ጴንጤ ናት፣ እኔ ኦርቶዶክስ። እሷ ጌታን እንድቀበል ትጸልይልኛለች፣ እኔ ደግሞ በጾም ቀን ከእሷ ዶሮ ሽታ እሸሻለሁ። ጠዋት ብንጣላ ማታ ታርቀን እንተኛለን። እህት የለኝም፤ አለችኝ ከተባለም እሷ ናት።

እናቴ አዲስ አበባ፣ ኮተቤ፣ ከወንድሜ ከዮናስ ጋር ነበር የምትኖረው። ኩላሊቷ ከከዳት ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ በሳምንት ሁለት ቀን ዲያሊስስ ትገባለች። ስልኬ በጠራ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይል ነበር። እዚያው አገር ቤት ያሉት የሊዲያ አባት ጋሽ ተፈራ ግን ጤነኛ ናቸው። ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ሲሆኑ በየጠዋቱ ይሮጣሉ። ሊዲያ በቪዲዮ ስታነጋግራቸው እኔ በኋላዋ ካለፍኩ "ጽጌ፣ ወፍረሻል! ስፖርት ሥሪ!" ይሉኛል።

የስኖውቦርዱ ነገር የመጣው ከሊዲያ ነው። አንድ ቀን ቴሌቪዥን ላይ ወጣቶች ሁለት እግራቸውን አንድ ሰሌዳ ላይ አስረው የአልፕስን ተራራ ሲንሸራተቱበት አየችና ልቧ ሄደ።

"አልፕስን ማን ያሳየናል?" አለች። "የእኛ ተራራ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ድራይቭ ነው። ሠላሳ ዓመቴን እዚያ ነው የማከብረው። ለአባዬ ቪዲዮ እልክለታለሁ። ሴት ልጁ በበረዶ ላይ ስትበር ሲያይ ምን እንደሚል ታያለሽ!"

እሷ ለሁለታችን ትምህርቱን መዘገበች፣ ከእንጨት የተሠራች ትንሽ ቤትም ለአንድ አዳር ተከራየች። የቀረን የእትዬ ዘውዴ ፈቃድ ብቻ ነበር።

"ቅዳሜ? ሁለታችሁም?" አሉ። "ሱቁንስ ድመቷ ትሽጥልኝ?"

ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። እትዬ ዘውዴን የሚያውቅ ሰው አንዴ እምቢ ካሉ እሺ እንደማይሉ ያውቃል። አርብ ከሰዓት በኋላ ግን ሁለታችንንም ጠሩን። ዓይናቸው ቀልቷል።

"ሂዱ" አሉን። "ሁለታችሁም ሂዱ። ሰኞም አትምጡ፣ እኔ እሸፍናለሁ።"

ሊዲያ ጮኸች፣ አቀፈቻቸው። እሳቸውም ግራና ቀኝ ጉንጫችንን ሳሙና "እግዚአብሔር ያበርታችሁ ልጆቼ" አሉ። ወዲያው እንደ መደንገጥ ብለው "ብርዱን ማለቴ ነው" ሲሉ ጨመሩ።

ብርድ የሚያበረታ አምላክ ሰምቼ አላውቅም።

ሐሙስ ማታ ወደ ቤት ደውዬ ዮናስ "እማዬ ተኝታለች" ብሎኝ ነበር። እዚያ ጠዋት ነው። አርብ ጠዋት ስደውል እዚያ መሽቷል፣ አሁንም "ተኝታለች" አለኝ። እናቴ ጠዋትም ማታም የምትተኛ ሴት አይደለችም። "ቀስቅሳት" አልኩት። "ተያት ትረፍ" አለና ዘጋው። እሱን እና የእትዬ ዘውዴን ቀይ ዓይን ደመርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሌላ ጉድ መጣ። ልንሄድ የነበረው እኔና ሊዲያ ነን፤ በር ላይ የቆሙት ግን ቢኒያምና ሚስቱ ሜሮን ናቸው። ቢኒያም የሊዲያ ቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፤ ሥራው ሾፌርነት ነው። ሜሮን ግሌንዴል ውስጥ አረጋውያን ትንከባከባለች፤ ቅዳሜ ሥራ ላይ እንደምትሆን አውቃለሁ።

"እኛም ሰርፕራይዝ እናድርጋችሁ ብለን ነው" አለ ቢኒያም። "ሶ፣ ዛሬ እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ።"

መኪናው ውስጥ መዝሙር የለም። ቢኒያም መዝሙር ሳይከፍት እስከ መንገድ ማዶ እንኳን የማይነዳ ሰው ነው። ከተማውን እንደወጣን ጨርቅ ቦርሳ ወደ ኋላ አቀበለን።

"ስልካችሁን እዚህ ውስጥ ክተቱ" አለ። "ሁለት ቀን ያለ ፌስቡክ ሪላክስ እንበል።"

"ቪዲዮስ? ለአባዬ እኮ ነው የምልከው!" አለች ሊዲያ።

"በእኔ ስልክ እቀርጽሻለሁ" አለች ሜሮን፤ ይህን ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እዚህ ላይ ነው ያወቅሁት። ይህን ሥራ እኔም ሠርቼዋለሁ፤ እናንተም ሠርታችሁት ይሆናል። አገር ቤት ሰው ሲሞት እዚህ መጀመሪያ የሚደወለው ለባለቤቱ አይደለም፣ ለጓደኛው ነው። ጓደኛ ለጓደኛ ይደውላል። ስልኩ በሆነ ሰበብ ይወሰዳል፤ ፌስቡክ ላይ የነፍስ ይማር ፎቶ እንዳያይ። ጥሩ ምግብ እንዲበላ፣ እንቅልፍ እንዲተኛ ይደረጋል። ከዚያ ንጋት ላይ፣ ሰው ወደ ሥራ ሳይሄድ፣ ዘመድና ሽማግሌ በሩን ያንኳኳል። አንድ ጊዜ ሃውቶርን ውስጥ ከአምስት ሰዎች ጋር ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ አንዲት ሴት በር ላይ ቆሜያለሁ። ስልኳን ከአንድ ቀን በፊት "ቻርጅ ላድርግልሽ" ብዬ የወሰድኩባት እኔ ነኝ። በሩን ከፍታ ስታየን ማንም ቃል ሳይተነፍስ መሬት ላይ ወደቀች።

እንግዲህ ተራዬ ደረሰ አልኩ። እናቴ ሞታለች፤ እኔን ተራራ ላይ አውጥተው ሊያረዱኝ ነው። ሊዲያስ ታውቃለች? አጠገቤ ቺፕስ እየበላች ትስቃለች። ወይ አታውቅም፣ ወይ ከሁሉም በላይ ጎበዝ ተዋናይ ናት። እሷንም ጠረጠርኩ።

"ለምን አትጠይቂያቸውም?" ትሉኝ ይሆናል። ፈራኋ! ካልጠየቅሁ እናቴ ገና አልሞተችም።

ተራራው ላይ ስንደርስ ቢኒያም ልብስ ሊከራይልን ገባና አራት ጥቁር ካፖርት ይዞ ወጣ።

"ሌላ ቀለም የለም?" አልኩት።

"ያለው ይሄ ነው።"

ከመስኮቱ በስተጀርባ ቀይም ቢጫም ተሰቅሎ አይቻለሁ። ጥቁሩን ለበስኩት። ዚፑን የዘጋችልኝ ሊዲያ ናት።

ትምህርቱን ያስተማረችን ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። ሰሌዳውን ከእግራችን ጋር አሰረችልንና "ጉልበት እጠፉ፤ ወደ ታች አትዩ፤ መሄድ ወደምትፈልጉበት እዩ፣ ሰውነታችሁ ዓይናችሁን ይከተላል" አለችን። እኔ የማየው ቢኒያምን ነው። እሱ ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ቀኝ እወድቃለሁ፣ ወደ ግራ ሲሄድ ወደ ግራ። ሊዲያ ግን የአባቷ ልጅ ናት። ሦስት ጊዜ "በኢየሱስ ስም!" እያለች ወደቀች፤ በአራተኛው ቆመች፤ በአምስተኛው እጆቿን ዘርግታ እስከ ታች ድረስ ተንሸራተተች።

"ቀረጽሽኝ? ሜሪ፣ ቀረጽሽኝ?"

"ቀርጬሻለሁ" አለች ሜሮን። መነጽሯን አላወለቀችም፤ እንባዋ ግን ከመነጽሩ ሥር ወርዶ አገጯ ላይ ደርሷል። "ብርዱ ነው" አለችኝ እያየኋት መሆኑን ስታውቅ።

ራት ላይ ቢኒያም ምግቡን ባረከ፤ ጸሎቱ ረዘመ። "ጌታ ሆይ፣ ለሚመጣው ነገር ጉልበት ስጠን" አለ። ሁለቱም እኔንና ሊዲያን ብሉ ብሉ አሉን። ሜሮን በእጇ አጎረሰችኝ። ነገ በማለዳ ነው የሚነግሩኝ ብዬ በጊዜ ተኛሁ። ተኛሁ አልኩ እንጂ ጣሪያውን ነው ያየሁት።

ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ተብሎ። ሊዲያ አልነቃችም። ተነስቼ ነጠላዬን ፈለግሁ፤ አላመጣሁትም። በሩን ስከፍት ቢኒያምና ሜሮን ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው ቆመዋል። ግድግዳውን ያዝኩ። በልቤ "እማዬ" አልኩ።

"ተነሱ እንጂ" አለ ቢኒያም። ከኋላው የያዘውን የበረዶ ጫማ አወጣ። "ሰልፉ ሳይበዛ እንድረስ።"

ያን ጊዜ ብመታው ደስ ይለኝ ነበር። ለሁለት ቀን አንገቴን ገመድ ውስጥ አስገብተው ወንበሩን የማይገፉ ሰዎች መሰሉኝ። አሁንስ በቃኝ አልኩ።

ረፋዱ ላይ ሊዲያ ከአስተማሪዋ ጋር ወደ ላይኛው ቁልቁለት ወጣች። እኔ መሐል ላይ፣ ሰሌዳው እግሬ ላይ እንደታሰረ በረዶው ላይ ቁጭ ብያለሁ። ከበታቼ ልብሱን የተከራየንበት ቤት አለ። ቢኒያም ከግድግዳው ጥግ ቆሞ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ በስልክ ያወራል። ነፋሱ ድምፁን ወደ እኔ አመጣው።

"አልሰማችም" አለ። "ኖ፣ ምንም አልጠረጠረችም። ስልኳ እኛ ጋ ነው። እስከ ሰኞ ጠዋት እናቆያታለን።"

ምንም አልጠረጠረችም! በሕይወቴ እንዲህ ተሰድቤ አላውቅም።

ብድግ አልኩ። እንዴት እንደቆምኩ አላውቅም፤ ሁለት ቀን ሙሉ እምቢ ያለኝ ሰሌዳ ያን ጊዜ ታዘዘልኝ። ዓይኔን ቢኒያም ላይ ተከልኩ። ሰውነት ዓይንን ይከተላል ያለችው ሴትዮ እውነቷን ነው፤ ወርጄ ወርጄ፣ ማቆሚያውን ስላላወቅሁት ደረቱ ላይ ነው ያረፍኩት። ተያይዘን በረዶው ላይ ተጋደምን። ስልኩ ርቆ ወደቀ። ኮሌታውን ያዝኩት።

"እናቴ ሞታለች ወይ?"

"ጽጌ፣ ምን ሆንሽ..."

"ሰምቼሃለሁ! አልሰማችም ስትል ሰምቼሃለሁ! እናቴ ሞታለች ወይ? ተናገር!"

"እናትሽ ደህና ናት! ስለ እናትሽ ምንም አልሰማሁም።"

"ማል!"

"እኛ አንምልም፣ ታውቂያለሽ።"

"ማል አልኩህ!"

"እግዚአብሔርን! እናትሽ ደህና ናት!" አለ፤ ጴንጤው ማለ።

አመንኩት። ከሆዴ የሆነ ነገር ተነስቶ በአፌ ወጣ። እልልልልል! በዚያ ነጭ ተራራ ላይ፣ ቢኒያምን እንደተጫንኩት፣ ድምፄ እስኪነጥፍ እልል አልኩ። ሕዝቡ ዞሮ አየን። "ተመስገን! ተመስገን! እልልል!"

ከላይ ሌላ እልልታ መለሰልኝ። ሊዲያ ናት። እጆቿን ዘርግታ እየተንሸራተተች መጥታ ከአጠገባችን ቆመች፤ ጉንጮቿ ቀልተዋል፣ ትስቃለች።

"ምንድን ነው? ምን ተገኘ?"

"እማዬ ደህና ናት! ቢኒ 'አልሰማችም' ሲል ሰምቼ ሞታለች ብዬ ነበር፣ ደህና ናት!"

"እሰይ! እልልልል!" አለች። በላዬ ላይ ወድቃ አቀፈችኝ። "እማማ ደህና ናቸው! ጌታ ይባረክ! አንቺ ሞኝ፣ ለምን አትነግሪኝም ነበር፣ አብረን እንጸልይ ነበር እኮ! እልልል!"

ለእኔ እናት እልል እያለች ቢኒያምን አየሁት። እያለቀሰ ነው። የሚያየውም እሷን ነው።

እልልታዬ አፌ ውስጥ ደረቀ። "ስልኳ እኛ ጋ ነው" ብሏል። ቦርሳው ውስጥ ያለው ስልክ የእኔ ብቻ አይደለም። እትዬ ዘውዴ የሳሙት ሁለታችንንም ነው። ሜሮን ያለቀሰችው እኔን እያየች አይደለም፣ እሷን እየቀረጸች ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ምልክቱን አንድ በአንድ አንብቤ፣ ስሙን ብቻ ተሳስቻለሁ።

ሊዲያም የኔን ፊት አየች። ከእኔ ወደ ቢኒያም፣ ከቢኒያም ሮጣ ወደ መጣችው ሜሮን ዞረች።

"ቢኒ" አለች። "ለምንድን ነው እኔን የምታዩኝ?"

ቢኒያም ጎንበስ ብሎ ስልኩን ከበረዶው ላይ አነሳ።

"ታዲያ ያልሰማችው ማን ናት?" አለች ሊዲያ።

ሜሮን አፏን በጓንቷ ያዘች። ሊዲያ በረዶው ላይ ተቀመጠችና እግሯን ከሰሌዳው ለማስፈታት ታገለች። ጣቶቿ እምቢ አሏት። ተንበርክኬ ማሰሪያውን ፈታሁላት፤ አንዱን እግር፣ ከዚያ ሌላውን። "አባዬ ነው?" አለች በሹክሹክታ፣ ለእኔ ብቻ። እኔ የማውቀው ነገር አልነበረም፣ ግን አቀፍኳት፤ መርዶውም እሱ ሆነ።

አስተማሪዋ መጥታ "ተጎድታለች? ሐኪም ልጥራ?" አለች። ሜሮን ወደ ጎን ወሰደቻት።

ጋሽ ተፈራ ሐሙስ ጠዋት ሩጫ ላይ ነው ወድቀው የቀሩት። የሊዲያ ወንድም ከሌላ ስቴት እሁድ ማታ ሊደርስ፣ ሰኞ ንጋት ላይ ከሽማግሌዎች ጋር ሊነግራት ነበር ዕቅዱ። እስከዚያው ቀድሞ በታቀደው ጉዞ ከከተማ ትራቅ ተባለ። ለእኔ ያልነገሩኝ "ጽጌ ፊቷ መደበቅ አይችልም" ብለው ነው። የእኔ እናት ደግሞ ጥርሷን ተነቅላ ፊቷ ስላበጠ በቪዲዮ አልታይም ብላ ነው "ተኝታለች" ያስባለችው።

ወደ ከተማ ስንወርድ ቢኒያም መዝሙር ከፈተ። ቤታችን ለአንድ ሳምንት በሰው ተሞላ። ሻይ አፈላሁ፣ ወንበር ተሸከምኩ፣ ሊዲያን ግን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። የእናቴ መዳን ደስታና የእሷ አባት ሞት በአንድ ደቂቃ በአንድ ጉሮሮ ወጥተዋል። እንዳፈርኩ ነበርኩ።

በስምንተኛው ቀን ሰው ሁሉ ሲሄድ ወጥ ቤት መጣች።

"ያዘንኩት ስለ እልልታው አይደለም" አለችኝ። "እልልታውን እኔም ብያለሁ። አርብ ዕለት አባቴ ሲቀበር እኔ እንቅልፍ ላይ ነበርኩ። ማታውን ደግሞ ጓንት ስመርጥ አመሸሁ። የሚያሳዝነኝ እሱ ነው። ጽጌ፣ አንቺ ባትጮሂ ኖሮ ደግሞ አንድ ቀን ሙሉ እስቅ ነበር፤ እነሱም እያለቀሱ ይቀርጹኝ ነበር።"

"ለአንቺ ብለው እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። ስለዚህ በማንም ላይ አልተቀየምኩም። ግን እኔና አንቺ እንማማል። ያንቺን እኔ ከሰማሁ እነግርሻለሁ፣ የእኔንም አንቺ። ወዲያው። ሰው ሳንሰበስብ።"

"እናንተ አትምሉም" አልኳት።

"ቢኒ ምሏል አይደል?" አለች፤ ከዚያ ተራራ ወዲህ ያን ጊዜ ነው ሁለታችንም የሳቅነው፣ ሳቁም ወዲያው ወደ ለቅሶ ሄደ።

ባህላችን ክፉ ነው አልላችሁም። ያን ሳምንት ቤታችንን የሞላውን ሰው አይቻለሁ፤ ፈረንጅ ብቻውን ሲያለቅስም አይቻለሁ። ግን ሃውቶርን ውስጥ ስልኳን የወሰድኩባትን ሴት ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። "ምን አጠፋሽ?" ብላ በጣም ገረማት። ሊዲያ ያን ቪዲዮ እስከ ዛሬ አላጠፋችውም። የሚላክለት ግን የለም።

ከስምንት ወር በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሽሮ ስመዝን ሊዲያ ከሱቁ ጓዳ ስልኳን ይዛ ወጣች። ሽርጧን ፈታች። ከባንኮኒው ዞራ መጥታ ሁለት እጄን ከነዱቄቱ ያዘች።

"ጽጌ፣ ተቀመጪ። እናትሽ አርፈዋል። ዮናስ አሁን ደውሎ ነው። 'እንዳትነግሪያት፣ ሰው ሰብስቡ' አለኝ፤ እምቢ አልኩት። ቀብሩን ለሐሙስ አድርጉት ብዬዋለሁ። በአስር ሰዓት የሚነሳ አውሮፕላን አለ፣ ትደርሻለሽ።"

ፊቷን አየሁት። ሰው ሲነግረኝ ሁሉ ከኋላው ያለውን የምፈልግ እኔ፣ ያን ቀን የምፈልገው ነገር አልነበረም። እጄን እንደያዘች አለቀስኩ፤ ከዚያ ሻንጣዬን አብረን አዘጋጀን።

ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ እናቴን በእጄ አፈር አለበስኳት። ሊዲያ ለእኔ ያደረሰችኝን ቀብር እኔ ለእሷ አላደረስኩም። ያኔ ቀብሩ አልፎ ነበር፤ ግን ምልክቱን ሁሉ እያየሁ የፈራሁት ለራሴ ብቻ ነው። እስቲ ፍረዱኝ።